ከስትሮክ በኋላ 27 ዓመት፦ የሉዊ ፓስተር ሕይወት

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ጉለሌ የሚሄድ ታክሲ ተሳፍረው ከሆነ ረዳቱ ፓስተር እያለ ሲጣራ ሳይሰሙ አይቀሩም። እኛ ይህን ቃል ስንሰማ ቶሎ ትዝ የሚለን የቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነው። ሰፈሩ ግን ስሙን ያገኘው ከመጋቢ አይደለም። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚገኝበት ስፍራ ቀድሞ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ውሻ የነከሰውን ልጅ ይዘው ወደዚያ የሮጡ ወላጆች ስንት ናቸው! ኢንስቲትዩቱ ደግሞ የተሰየመው በፈረንሳዊው ተመራማሪ በሉዊ ፓስተር ስም ነው።

ስለዚህ ሰው በትምህርት ቤት ተምረናል። ወተትን አሙቆ ጀርም ስለ መግደልና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ሲነሳ ስሙ አብሮ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የማይነገረን ግን አንድ ነገር አለ። ፓስተር የእብድ ውሻን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሕፃን ሲያሰጥ የግራ እጁና የግራ እግሩ በስትሮክ ከተጎዱ 17 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተው ነበር።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት አንድ ሰው አለ። ትናንት ቤቱን ያስተዳድር የነበረ አባት፣ ወይም እንግዳ ተቀብላ የማትጠግብ እናት፣ አንድ ቀን ጠዋት ደም ግፊት ጣላቸውና ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ምናልባት ያ ሰው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ምናልባትም የሚያስታምሙት እርስዎ ነዎት። ለሁለታችሁም የፓስተር ሕይወት የሚለው ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመውደቁ በፊት

ሉዊ ፓስተር ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ፣ በኋላም ቆዳ እያለፋ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ልጁ ግን በትምህርት ገፍቶ የኬሚስትሪ ሊቅ ሆነ። በ1849 ማሪ ሎራን የምትባል ወጣት አገባ። ይህችን ሴት ስሟን ልብ ይበሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አምስት ልጆች ወለዱ። ከአምስቱ ሦስቱን ቀበሩ። የመጀመሪያዋ ዣን በ1859 በአንጀት ተስቦ ሞተች። ትንሿ ካሚ በ1865፣ የ12 ዓመቷ ሴሲል ደግሞ በ1866 እንደ ታላቅ እኅቷ በአንጀት ተስቦ ሞተች። ፓስተር አባቱንም በ1865 ቀብሯል። እንግዲህ ይህ ሰው በስትሮክ የተመታው ሳይጎዳ በኖረ ልብ ላይ አልነበረም። ሐዘን ቀድሞ ቤቱን ጎብኝቶታል።

በእነዚያው ዓመታት የፈረንሳይ የሐር ትል አርቢዎች ትሎቻቸው በበሽታ እያለቁ ለድህነት ተዳርገው ነበር። ፓስተር ከ1865 ጀምሮ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ እየወረደ ምክንያቱን ይመረምር ነበር። ሥራው ገና በመሐል ላይ ሳለ ነው ያ ቀን የመጣው።

ያ ሰኞ

ጥቅምት 19 ቀን 1868፣ ሰኞ ነበር። ፓስተር 46 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። ጠዋት ሲነሣ በግራ ጎኑ እንግዳ የሆነ የመደንዘዝ ስሜት ተሰማው። እርሱ ግን ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ነበረው፤ በሳይንስ አካዳሚ ስብሰባ ላይ የሚያነበው ጽሑፍ ነበር። ሄደ፤ አነበበ፤ ወደ ቤቱም ተመለሰ። ማታ ከተኛ በኋላ ሕመሙ በረታ። ለጥቂት ጊዜ መናገር እንኳ አቃተው። በሚቀጥሉት ሰዓታት የግራ አካሉ በሙሉ ከዳው።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች ሊያደርጉለት የቻሉት ከጆሮው ኋላ አልቅት አስይዞ ደም ማስመጠጥ ነበር። ዛሬ ይህ እንደማይረዳ እናውቃለን። ዛሬ የምናውቀው ሌላም ነገር አለ፤ እባክዎ ይህን ሳያስተውሉ አይለፉ። ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲደነዝዝ ወይም ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ ምንም እንኳ ቶሎ ቢተው፣ ያ ሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ስትሮኩ የመጣው የደም ሥር በመዘጋቱ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ መሰጠት ይኖርበታል። ትንሽ ልረፍና ይተወኛል ማለት፣ ወይም እንደ ፓስተር ቀጠሮዬን ልጨርስ ማለት፣ ብዙ ያስከፍላል። ከስትሮክ መንስኤዎች ዋነኛው ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የታዘዘልዎ ከሆነ ደህና ነኝ ብለው በራስዎ አያቋርጡ።

የቆመው ግንባታ

ፓስተር ብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ተኛ። እነሆ በዚህ ጊዜ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሆነ። ከሕመሙ በፊት መንግሥት አዲስ ላቦራቶሪ ሊሠራለት ፈቅዶ ግንባታው ተጀምሮ ነበር። ሲታመም ሠራተኞቹ ቀሩ። ይሞታል ለተባለ ሰው ቤት መሥራት ምን ይጠቅማል ብለው ይመስላል፣ ኃላፊዎቹ ሥራውን አስቆሙት። ፓስተርም ነገሩን ሳይረዳ አልቀረም። እርሱ በሕይወት ሳለ ሌሎች አስቀድመው ቀብረውት ነበር። በኋላ ወሬው ለንጉሠ ነገሥቱ ለናፖሊዮን ሦስተኛ ደረሰና ግንባታው እንዲቀጥል ተደረገ።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ በዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። እኛስ በቤታችን ስንት ግንባታ አቁመናል? አባታችን ከታመሙ ወዲህ ስለ ቤት ጉዳይ የሚያማክራቸው አለ? እናታችን አንደበታቸው ስለተሳሰረ ብቻ በፊታቸው ስለ እነርሱ እንደሌሉ አድርገን አናወራም? በፍቅር ነው የምናደርገው። አይድከሙ፣ ይረፉ እንላቸዋለን። እርሳቸው ግን ከአልጋቸው ሆነው ድምፁን ይሰማሉ፤ መዶሻው ዝም ማለቱን ያውቃሉ። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎች በድብርት እንደሚያዙ ሐኪሞች ይናገራሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ አንጎል ራሱ መጎዳቱ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ለሰው የማይጠቅሙ ሆነው መታየት ልብን ይሰብራል።

በሌላ ሰው እጅ መሥራት

ፓስተር ከወደቀ ሳምንት ገደማ እንዳለፈ አንድ ሌሊት ከአጠገቡ ሆኖ ለሚያስታምመው ዤርኔ ለተባለ ተማሪው ስለ ሐር ትል በሽታ ያሰበውን አዲስ ዘዴ በቃሉ እየተናገረ አስጻፈው። ያ ጽሑፍ ለአካዳሚው ቀረበ። አካሉ ተኝቷል፤ አእምሮው ግን ሥራ ላይ ነበር።

በጥር 1869፣ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ገና በቅጡ መራመድ ሳይችል ቤተሰቡን ይዞ በባቡር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄደ። ወዳጆቹ ደነገጡ። እዚያም በድንጋይ ወለል ላይ ወድቆ ተጎድቶ ነበር። ሥራው ግን አልቆመም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ በገዛ እጁ ብቻ የሚሠራ ሰው አልነበረም። እርሱ ይጠይቃል፣ ያስባል፣ ያዝዛል፤ ተማሪዎቹ ትሎቹን ይለያሉ፣ ያዘጋጃሉ። ሚስቱ ማሪ ደግሞ ማታ ማታ እርሱ የሚናገረውን ትጽፋለች። ስለ ሐር ትል በሽታ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1870 ሲታተም ብዙው ክፍል በእርሷ ብዕር የተጻፈ ነበር። ዘዴውም አርቢዎቹን ጠቀመ። ጤነኛ እናት የእሳት እራቶችን በማይክሮስኮፕ ለይቶ የእነርሱን እንቁላል ብቻ ማስፈልፈል ነበር።

የግራ እጁ ሳይፈታ ቀረ። ግራ እግሩንም እየጎተተ በቀረው ዕድሜው ሁሉ አነከሰ። ይህን ሳንሸፋፍን መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ የታመመን ሰው ለማጽናናት እንደ ድሮህ ትሆናለህ እንላለን። ፓስተር እንደ ድሮው አልሆነም። የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ በተረፈው አካል መኖርን ተማረ።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ ፓስተር መሣሪያ ልያዝ ብሎ ነበር፤ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝ ሰው ለወታደርነት አይሆንም ተብሎ ቀረ። አንድ ልጁ ግን በጦር ሜዳ ነበር። በጥር 1871 የተሸነፈው ሠራዊት በበረዶ ውስጥ ወደ ስዊዘርላንድ ድንበር ሲሸሽ የልጁ ወሬ ጠፋ። ይህ አንካሳ አባት ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር በአሮጌ ሠረገላ በረዶውን እየሰነጠቀ ጶንታርሊዬ ድረስ ሄዶ፣ ከተበተነው ጦር መካከል ልጁን ፈልጎ አገኘው። መዝመት አልቻለም፤ አባት መሆን ግን አላቃተውም።

ሙሉ እውነቱ

ውድ አንባቢ፣ ፓስተርን ጉድለት የሌለበት ሰው አድርገን ልንስልልዎ አንፈልግም። በሌላ ሰው እጅ መኖር ከባድ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ በደንብ አልተሸከመውም። ቁጡና ምስጢረኛ ነበረ። በግንቦት 1881 ፑዪ ለ ፎር በምትባል መንደር ሕዝብ በተሰበሰበበት የአባ ሰንጋ ክትባቱን ሞከረ። የተከተቡት በጎች ሲተርፉ ያልተከተቡት ሞቱ። ፓስተርም ተመሰገነ። ነገር ግን የማስታወሻ ደብተሮቹ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲመረመሩ በዚያ ቀን የተጠቀመበት ክትባት ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ያዘጋጀው እንደነበረ፣ ፓስተር ግን ይህን ለሕዝብ በግልጽ እንዳልተናገረ ታወቀ።

ይህ ለሚታመሙም ለሚያስታምሙም ትምህርት ነው። የሚታመሙት እርስዎ ከሆኑ፣ እጅ የሚሆንልዎን ሰው ስሙን ጠርተው ያመስግኑ። ልብስ የምታለብስዎ ልጅ፣ ለሊት ተነሥታ ውኃ የምትሰጥዎ ባለቤትዎ፣ ድካማቸው በቁጣዎ እንዳይሸፈን። የሚያስታምሙ ከሆነ ደግሞ፣ የታመመ ሰው ቁጣ ብዙ ጊዜ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በማይታዘዘው እጁ ላይ እንደሆነ ያስቡ።

ከአልዛስ የመጣው ልጅ

ሐምሌ 6 ቀን 1885 አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ ከአልዛስ ወደ ፓሪስ መጣች። ልጁ ዮሴፍ ማይስተር ይባላል። ከሁለት ቀን በፊት እብድ ውሻ ብዙ ቦታ ላይ ነክሶታል። ፓስተር በውሾች ላይ የሞከረው ክትባት ነበረው፤ በሰው ላይ ስለ መሞከር ግን ፍርሃት ያዘው። ከረዳቶቹ ዋነኛው ኤሚል ሩ ጊዜው ገና ነው ብሎ ያምን ነበር። ፓስተር ሁለት ሐኪሞች አማከረ፤ ልጁ ያለዚያ ሊሞት እንደሚችል ተስማሙ።

ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን ሊወጋ አይፈቀድለትም ነበር። የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። ፓስተር በዚያ ክፍል ቆሞ ተመለከተ። በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ልጁ 13 ጊዜ ተወጋ። በእነዚያ ሌሊቶች ፓስተር እንቅልፍ አልነበረውም። የራሱን ሦስት ልጆች የቀበረ አባት መሆኑን አይርሱ። ልጁ ተረፈ። አድጎም ከብዙ ዓመት በኋላ በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆኖ ሠራ።

እንግዲህ ያስተውሉ። ዓለም ፓስተርን ከሁሉ በላይ ያስታወሰበት ሥራ፣ የመጨረሻው ድርጊት በሌላ ሰው እጅ የተፈጸመ ነው። በ1886 ከሩሲያ ስሞሌንስክ ተኩላ የነከሳቸው 19 ሰዎች ፓሪስ ሲደርሱ 16ቱ ተረፉ። ከዚያም ከብዙ አገር ገንዘብ ተዋጥቶ ኢንስቲትዩቱ ተሠራ።

እርጅና ሲመጣ

ጥቅምት 23 ቀን 1887 ጠዋት ሌላ ስትሮክ መጣ። ሚስቱን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። ንግግሩ ከጊዜ በኋላ ቢመለስም ድምፁ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የመጀመሪያው ስትሮክ እጁን ወሰደ፤ ይኸኛው ድምፁን አደከመ።

ኅዳር 14 ቀን 1888 የፓስተር ኢንስቲትዩት በፕሬዚዳንቱ ፊት ሲመረቅ ፓስተር ንግግሩን ጽፎ ነበር፤ ሊያነበው ግን አልቻለም። ልጁ ዣን ባቲስት አነበበለት። አዎን፣ በበረዶ ውስጥ ፈልጎ ያገኘው ያ ልጅ! በ1892 ሰባኛ ዓመቱ በሶርቦን በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲከበር ወደ አዳራሹ የገባው የፕሬዚዳንቱን ክንድ ተደግፎ ነው። በዚያም ቀን ንግግሩን ያነበበለት ልጁ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው ታላቁ ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ስለ ሥራው ሊያመሰግነው ተገኝቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፓስተር በላቦራቶሪ መሥራት አልቻለም። ሌሎች ሲሠሩ አየ። በ1894 ሩ ዲፍቴሪያ ለሚባለው፣ ሕፃናትን አንቆ ለሚገድለው የጉሮሮ በሽታ የሚሆን ሕክምና በኢንስቲትዩቱ አስፋፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓስተር ክፉኛ ሲታመም እነዚያ ተማሪዎቹና የሥራ ባልደረቦቹ ተራ ገብተው ሌሊቱን አብረውት አደሩ። ለብዙ ዓመት እጆቹ የነበሩት ሰዎች አሁን አስታማሚዎቹ ሆኑ።

በ1895 ክረምት ከፓሪስ አጠገብ ባለች ቪልኔቭ ሌታን በምትባል ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ሚስቱና ሴት ልጁ መጽሐፍ ያነቡለታል። የልጅ ልጆቹም በዙሪያው ነበሩ። መስከረም 28 ቀን 1895፣ በ72 ዓመቱ፣ ቤተሰቡና ተማሪዎቹ በተሰበሰቡበት አረፈ። ከዚያ ሰኞ ቀን ወዲህ 27 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀሩት።

ለእርስዎስ?

ምናልባት ውድ አንባቢ፣ ፓስተር እኮ ታላቅ ሊቅ ነው፤ እኔ ምን አለኝ ይሉ ይሆናል። ትክክል ነዎት፤ ሁላችንም ክትባት አናገኝም። ነገር ግን ታሪኩን መለስ ብለው ይመልከቱ። ይህ ሰው አንድ ነገር በተወሰደበት ቁጥር ሥራውን ለሌላ ሰው አስረከበ። እጁ ሲከዳው ለተማሪዎቹ እጅ። ብዕሩ ሲከብደው ለሚስቱ ብዕር። ድምፁ ሲደክም ለልጁ ድምፅ። በመጨረሻም መቀመጥና መስማት ብቻ ሲቀረው እርሱን ማስታመም ለሌሎች ክብር ሆነላቸው።

ይህን ማድረግ ሊቅነት አይጠይቅም። እጅዎ እንጀራ መጋገር ቢያቅተው የልጅ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ሊጡን እንዴት እንደምታይ ይንገሯት። መራመድ ቢያቅትዎ ለዓመታት የሚያውቁትን የቤተሰብ ታሪክ ለአንዱ ልጅዎ ያስጽፉ። ቃል ቢጠፋብዎ እጁን ይዘው የሚቀመጡት ጎረቤት አይጠፋም። የሐኪሙን የእንቅስቃሴ ትእዛዝ በየቀኑ ይፈጽሙ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቅሙ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን መሻሻል ጨርሶ አይቆምም። አንዲት ቃል፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ድል ነው።

የሚያስታምሙት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ልመናችን አንድ ነው። የእናትዎን ወይም የአባትዎን ግንባታ አያስቁሙ። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ከጤናቸው ሌላ ስለ አንድ ጉዳይ ምክር ይጠይቋቸው። መልሱ እስኪመጣ ይታገሡ፤ ሊዘገይ ይችላል። ቃሉ ሲተሳሰርባቸው ቶሎ ብለው አይጨርሱላቸው። አልፎ አልፎም ለራስዎ ዕረፍት ይውሰዱ፤ ፓስተር ዘንድ እንኳ ሌሊቱን የሚያድሩት በተራ ነበር።

አንድ ቀን በጉለሌ በኩል ሲያልፉ ረዳቱ ያን ስም ሲጣራ ከሰሙ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ የግራ እጁን አጥፎ በላቦራቶሪው ውስጥ ሲዘዋወር የነበረውን ሰው ያስታውሱ። ከዚያም ስልክዎን አውጥተው ቤት የተኙትን ሰው ይደውሉላቸው።